ጣራዋ ለሚከፈት መኪና የትኛው ማርሚታ? ከፒያሳ እስከ ሐረጎ

የአጎቴ ልጅ ጣራዋ የሚከፈት ቢኤምደብሊው አለችው። አሮጌ ናት፤ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ደሴና ኮምቦልቻ ለሠርግ ያከራያታል። ባለፈው ጥር ደሴ ፒያሳ ላይ አጀቡ ውስጥ አብሬው ነበርኩ። ሙሽሮቹ ከኋላ ወንበር ናቸው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከፊታችን እያፈገፈገ ይሄዳል። መኪናዋ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም። ከኋላችን ጥሩምባው ይቀልጣል።

20 ደቂቃ ያህል እንደተጓዝን ሙሽሪት ቬሏን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ወንድሜ፣ ራሴን አዞረኝ፤ ትንሽ ቁምልኝ» አለችው። ሚዜዎቹ ድካም ነው አሉ። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ቁርስም በቅጡ አልቀመሰችም። እኔ ግን ከፊት ወንበር ሆኜ ጥሬ ቤንዚን የመሰለ ነገር እየሸተተኝ ነበር።

መኪናዋ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያበርደው ዕቃ፣ ገብቶላታል። ድምፅዋ እንዲያምር ተብሎ። የገጠመላት ጋራዥ በዚያው እጁ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም ቆርጦ አውጥቶታል። «አብሽር፣ ይቺ ዕቃ እዚህ አገር አታስፈልግም፤ ሞተሯን አንቃ ነው የያዘቻት» ብለውታል። አመናቸው። ብዙዎቻችን እናምናለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርሚታ ሊቀይር ያሰበ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር ይህን ነገር ሳላወራ አላልፍም። ጣራዋ የሚከፈት መኪና ከሌላው ትለያለች። በዝግ መኪና ጭስና ድምፅ ውጭ ይቀራሉ። በእሷ ግን ሁለቱም አብረው ይሳፈራሉ።

ከሞተሩ እንጀምር። የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሮቹ ወጥቶ መጀመሪያ ማኒፎልድ ውስጥ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያገኛል። ይህ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ዕቃ ነው። ቀዳዳዎቹ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በሚባሉ ውድ ማዕድናት ተቀብተዋል። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። ያልተቃጠለውንም ቤንዚን ያቃጥላል። ከዚያ በአንዳንድ መኪና ላይ ሬዞኔተር የሚባል ትንሽ የድምፅ ማብረጃ አለ። ከኋላ ትልቁ ማርሚታ ይመጣል። በመጨረሻ ከመከላከያው ሥር ብቅ የሚለው ጫፍ አለ።

ሰው «ማርሚታ ቀየርኩ» ሲል ከእነዚህ የትኛውን እንደቀየረ ጠይቁት። ጫፉን ብቻ የቀየረ ከመልክ ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም። ከኮንቨርተሩ ወደ ኋላ ያለውን የቀየረ ድምፅ ይቀየርለታል። ኮንቨርተሩን የነካ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገብቷል።

አሁን ስለ ጉልበት። ይህን በግልጽ ልናገር፦ ጉልበት ፈልጋችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። የአጎቴ ልጅ መኪና 1.8 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ 115 ፈረስ ጉልበት ነበራት። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር እየገፋ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ፣ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ያቺ 115 የተባለችው፣ ሞተሯ ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ስትደርስ ወደ 85 ወርዳለች። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ይሻላል። ከኮንቨርተሩ ወደ ኋላ ያለው ማርሚታ ቢቀየር በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ የሚገኘው ጥቂት ፈረስ ጉልበት ነው። እሱም ሞተሩ በጣም ሲጮህ ነው የሚገኘው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ግን የሚያስፈልጋችሁ በዝቅተኛ የሞተር ዙር የሚጎትት ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ «ሞተር ትንሽ አፈና ይፈልጋል» የሚል ወሬ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። አይፈልግም። የሚፈልገው ጋዙ በፍጥነት እንዲወጣ ነው። ፈጥኖ የሚወጣ ጋዝ ከኋላው ያለውን እየሳበ ያወጣል። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ጋዙ ይዘገያል፤ ያ መሳብ ይደክማል። ለ1.6 እና ለ2 ሊትር ሞተር ከ57 እስከ 63 ሚሊ ሜትር ስፋት በቂ ነው። ከዚያ የሚሰፋውን ለትልልቅ ሞተሮችና ለቱርቦ ተዉላቸው።

መኪናችሁ ዳገት ላይ እንደ ታነቀች ከሆነች ደግሞ አዲስ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት ኮንቨርተሩ ተደፍኖ እንደሆነ አስመርምሩ። ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም የሚያመልጥ ካንዴላ ኮንቨርተርን ይገድላል። ቀዝቅዞ ሳለ በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። እንደ ተሰበረ ገል ከተንኳኳ ውስጡ ፈርሷል። ያኔ መፍትሔው በሌላ መተካት ነው። መጀመሪያ ግን ያበላሸውን ምክንያት አስወግዱ፤ አለዚያ አዲሱም ያው ይሆናል።

ወደ ድምፅ እንምጣ፤ ሰው በእውነት የሚገዛው እሱን ነውና።

ጣራ ከፍታችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትነዱ የነፋሱ ጩኸት ብቻውን 85 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ይህ ቀኑን ሙሉ ቢሰሙት ጆሮ መጉዳት የሚጀምርበት መጠን ነው። በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በ88 ግን 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት ብቻ ነው የሚመከረው። በእንዲህ ያለ ነፋስ ውስጥ ማርሚታችሁ ቢዘፍንም አትሰሙትም። የምትሰሙት ከተማ ውስጥ ስትንቀሳቀሱና ጣራውን ስትዘጉ ነው። ስለዚህ ስትመርጡ ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን በከፍተኛ ዙር የሚጮህ መኪና እርሱት። የእናንተ መኪና ፒያሳ ላይ ስትንፏቀቅ፣ ከዚያም ዝናብ መጥቶ ጣራዋ ሲዘጋ ምን እንደምትል አስቡ።

የተዘጋ የሸራ ጣራ ላይ ትልቁ ጣጣ ጉምጉምታ ነው። በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ጆሮን የሚደፍን፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ ወፍራም «ኡኡኡ»። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ማለት በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ተኩስ። ይህ 100 ሄርትዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ነው። የመኪና ውስጥ ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለውን ድምፅ የማስተጋባት ጠባይ አለው። ሸራው ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይቀንስ እንደሆን እንጂ ወፍራሙን አያግደውም። እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል እንጂ።

አሁን ሐረጎን አስቡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን እንዳይግል በማርሽ ይዛችሁ ነው የምትወርዱት። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በዚያው 3,000 አካባቢ ይቆያል። ጉምጉምታው እዚያ ዙር ላይ ከወደቀ መንገዱ ሁሉ ሥቃይ ይሆናል። ድምፅ አፍቃሪ ነኝ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ራሱን ይዞ ሲወርድ አይቻለሁ።

መፍትሔ አለው። ማርሚታ በሁለት መንገድ ነው ድምፅ የሚያበርደው። አንዱ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለው ነው፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ይህ ዓይነት ነው። ሌላው መሐሉ ቀጥ ያለ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ቱቦ ያለው ነው። በዙሪያው የመስታወት ጭረት (ፋይበር ግላስ) ይታጨቃል። ድምፁን እንደ ጥጥ ይመጠዋል። ይህኛው ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይይዛል፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋል። በዚያ ላይ ጭረቱ ከጊዜ በኋላ ይቃጠልና ማርሚታው መጮህ ይጀምራል። ጣራዋ ለሚከፈት መኪና ሁለተኛውን ብቻውን አልመክርም። ሬዞኔተሩን ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳታስወጡ።

ጉምጉምታው አልጠፋ ካለ ደግሞ በርካሽ የሚያጠፋው ዘዴ አለ። ከዋናው ቱቦ ላይ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ይበየዳል። ድምፁ ወደ ቅርንጫፉ ገብቶ፣ ደርሶ ሲመለስ ከዋናው ጋር ተቃርኖ ይገጥመዋል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ርዝመቱ የድምፁ ሞገድ ሩብ መሆን አለበት። በትኩስ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 480 ሜትር ይጓዛል። 480 ለ100 ሲካፈል 4.8 ሜትር፤ ሩቡ 1.2 ሜትር። ጉምጉምታው 2,500 ዙር ላይ ከሆነ ወደ 1.45 ሜትር ይረዝማል። ጋዙ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ልኩ ትንሽ ይለዋወጣልና መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ አሠሩት፤ ከዚያ እየቆረጣችሁ ሞክሩ። ደህና በያጅ ያለው ጋራዥ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ገንዘብ ላለው በመሐሉ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ያለው ማርሚታም አለ። ከተማ ውስጥ ዝግ፣ መንገድ ላይ ክፍት። እኔ ብሆን የምመርጠው እሱን ነው። ጠዋት ሲነሣ ሞተር ኮንቨርተሩን ለማሞቅ ዙሩን ከፍ ስለሚያደርግ የቀኑ ትልቁ ጩኸት የሚሰማው ያኔ ነው። በእኛ ሰፈር አንዱ ከሱብሂ ሶላት ይመለሳል፤ ሌላው ወደ ቅዳሴ ይወጣል። በዚያ ጸጥታ መሐል የሚያጓራ መኪና ማስነሣት ለጎረቤት ይከብዳል። ከውጭ የመጣ ማርሚታ ስትገዙ ገላው ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈች የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ፈልጉ። የአውሮፓን የድምፅ ልክ ተፈትሾ አልፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሙሽሪት ልመለስ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

መኪና ወደ ፊት ስትሄድ ጭሱ ወደ ኋላ ይቀራል ብለን እናስባለን። በዝግ መኪና እውነት ነው። ጣራዋ ስትከፈት ግን ነፋሱ የፊት መስታወቱን ዘሎ ከወንበሮቹ ኋላ ይወድቃል። ወንበሮቹ አካባቢ አየሩ ይሳሳል፤ ከኋላ ያለው አየር ደግሞ ያንን ለመሙላት ወደ ፊት ይሳባል። ማመን ካቃታችሁ ከኋላ ወንበሩ መደገፊያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሱፍ ክር እሰሩ። ጓደኛችሁ ይንዳ፤ እናንተ ክሩን እዩ። በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ክሩ ወደ ፊት፣ ወደ አንገታችሁ ይነፍሳል። ከመኪናዋ ኋላ የሚወጣው ጭስም በዚያው መንገድ ሊመጣ ይችላል። በአጀብ ፍጥነት ደግሞ መንገዱን የሚመርጠው የከተማው ነፋስ ነው። ከኋላ ከነፈሰ ጭሱ ከመኪናዋ ይቀድማል።

በዚህ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፤ አይሸትም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ደሴ ላይ ከመጀመሪያውም ኦክስጅኑ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ያን ቀን እኔን የሸተተኝ ያልተቃጠለው ቤንዚን ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ግን ማናችንም ልንሸተው አንችልም ነበር። ክፍት መኪና ውስጥ እንደ ተዘጋ ጋራዥ ለሞት አያደርስ ይሆናል። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሴትን ግን አስቡ።

ስለዚህ ኮንቨርተሩን አታስወጡ። «ላውጣልህ» የሚላችሁ ሰው ካለ የወጣውን ዕቃ ለማን ሊሰጥ እንደሆነ ጠይቁት። ውስጡ ያሉት ማዕድናት ገበያ አላቸው። ከወጣ በኋላ በብዙ መኪኖች ላይ ቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ኮንቨርተሩ በደህናው ጊዜም ቢሆን ካልጋለ አይሠራም፤ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። ለሠርግ የምትወጡ ከሆነ ሙሽሮቹን ከመጫናችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቋት።

የጫፉ አቀማመጥም ቁም ነገር ነው። ከመከላከያው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ከመከላከያው ሥር ቀርቶ የሚያበቃ ጫፍ ጭሱን እዚያው ያሽከረክረዋል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። በጎን የሚወጣ ጫፍ ያምራል። ቆማችሁ ስትጠብቁ ግን ጭሱ በር ሥር ነው። ወደ መሬት የተጎነበሰው ደግሞ ከአስፋልት ስትወጡ አቧራ ያስነሣል።

ጣራዋ ለተቆረጠ አሮጌ ቮልስ አንድ ቃል ልጨምር። የቮልስ ማሞቂያ የሚሠራው የጭስ ማውጫውን ከቦ በሚያልፍ አየር ነው። ደሴ ብርድ ነውና ማሞቂያው ይከፈታል። ቱቦው ቀዳዳ ካበጀ ጭሱ ቀጥታ ወደ እግራችሁ ይመጣል። ካርቡራቶሩም በዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ቮልስ ላይ ከድምፅ በፊት ይህን አስፈትሹ።

ስለ ብረቱ አጭር ልበል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። በእንፋሎት መልክ ስለሆነ አናየውም። ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ብቻ የምትመላለስ መኪና ማርሚታዋ ሳይግል ትጠፋለች። ውሃው ውስጡ ይተኛና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ አይዝጌ ብረት ይሻላል። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ዕድሜው ረጅም ነው። 409 ክሮሚየሙ ወደ 11 በመቶ ነው፤ ላዩ ይዝጋል፤ ግን ይቆያል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። 409 ማግኔት ይይዛል፤ 304 አይይዝም ማለት ይቻላል። ሻጩ 304 ነው ብሎ ማግኔቱ ጥብቅ ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ጎበዝ በያጅ አይጠፋም። ለአይሱዙ የሚሠሩትን ዓይነት ግን ለእናንተ እንዳይሠሩላችሁ። ቱቦ ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ንገሯቸው፤ የተጨማደደ መታጠፊያ ይጠባል። ዚንክ በተቀባ የውሃ ቧንቧ እንዲሠሩም አትፍቀዱ። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ የመኪናዋን ኮምፒዩተር ከመቃጠል ያድናል። ደግሞ ጣራ ስለሌላት ወለሏ ሥር የማጠናከሪያ ብረቶች አሏት። እነሱን ቆርጦ ቱቦ ማሳለፍ የሚፈልግ ቢኖር አስቁሙት። ጣራዋ ለማይከፈተው ኩፔ የተሠራ ማርሚታ ለእሷ ላይገጥም የሚችለውም በነዚህ ብረቶች ምክንያት ነው።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ያለችንን መኪና ተንከባክበን ነው የምንይዘው። የአጎቴ ልጅም ይህን አስቦ ነው ወጪውን የቻለው። ሌላ ኮንቨርተር አስገጠመ። ሬዞኔተር አስጨመረ። ጫፉን ወደ ኋላ አስወጣ። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ያለ፣ ክብ ያለ ነው። ባለፈው እሑድ ጣራዋን ከፍተን ወደ ሐይቅ ወረድን። የሱፍ ክሯን ከኋላ ወንበር ላይ አስረን ነበር። ክሯ አሁንም ወደ ፊት፣ ወደ እኛ ትነፍሳለች። ሽታው ግን የለም።